የማክሰኞው ቴሌግራምና አራተኛዋ ብስክሌት

ቴሌግራሙ ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፖስታ ቤቱ ገባ፤ ለባለቤቶቹ የደረሰው ዓርብ ረፋድ ላይ ነው።

«እናታችሁ ታመዋል፤ ፈጥናችሁ ኑ» ይላል። ሁለቱ እህቶች ያገኙትን ለብሰው በዓርቡ ባቡር ተሳፈሩ፤ ቅዳሜ ሲደርሱ እናታቸው ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። የጎረቤቱ ሁሉ ወሬ አንድ ነው፤ እናቲቱ ረቡዕን ሙሉ ዓይናቸውን ከበሩ ላይ ሳያነሡ «ልጆቼ ቀርተው አያውቁም፤ መንገድ ይዟቸው ነው» ሲሉ ዋሉ። ታላቂቱ እህት አለቀሰች፤ አልቅሳም ወጣላት። ታናሺቱ ግን እንባዋን ለኋላ አቆይታ አንዲት ጥያቄ ያዘች፤ ያ ወረቀት እነዚያን ሦስት ቀናት የት ዋለ፥ የት አደረ?

መልሱ ሩቅ አልነበረም። እህቶቹ የሚኖሩባት ከተማ ሁለት ሰፈር ናት፤ የታችኛው ሰፈር ሜዳው ላይ ሆኖ ባቡር ጣቢያው፥ ፖስታ ቤቱና የሱቁ መደዳ ያለበት ነው፤ የላይኛው ሰፈር ደግሞ ከዳገቱ ራስ፥ ከውሃው ግንብ አጠገብ፥ አጣቢው፥ ግንበኛውና ሰፊው፥ እህቶቹም የሚኖሩበት ነው። ፖስታ ቤቱ አራት ብስክሌት ነበረው፤ ዳገቱን ብስክሌት አይወጣውም ተብሎ በደንቡ ላይ ስለ ተጻፈ ግን፥ የላይኛው ሰፈር መልእክት በእግረኛ፥ በሳምንት ሁለት ጠዋት፥ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ይወጣ ነበር። የእህቶቹ ቴሌግራም የገባው እግረኛው ማክሰኞ ከሄደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ እስከ ዓርብ ተኛ።

ይህስ ይሁን። ታናሺቱ ፖስታ ቤት ወርዳ ስትጠይቅ፥ የቴሌግራሙ ጸሐፊ፥ መነጽሩን ሁልጊዜ የሚወለውል፥ ሸሚዙ እድፍ የማያውቅ ሰው፥ ትልቁን መዝገብ ገልጦ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየነዳ አነበበላት፤ «ማክሰኞ፥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፥ ለተቀባይዋ በእጅ ተሰጠ።» በፊርማው ቦታም «መጻፍ አትችልም» ተብሎ ነበር። ቴሌግራም በገባበት ቀን ይድረስ የሚል ደንብ አለና፥ ጸሐፊው ያላደረሰውን ወረቀት በመዝገቡ ላይ አድርሶታል።

«ዓርብ ነው የሰጣችሁኝ» አለች።

«መዝገቡ ማክሰኞ ይላል» አለና ዘጋው።

ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም ይባላል። እርሷ ሞኝ አልነበረችም፤ ነገር ግን የያዘችውን ሳትለቅ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች።

በዓመቱ ፖስታ ቤቱ የደብዳቤ ከረጢት የሚሰፋ ሰው ሲፈልግ እርሷ ገባች። እህቷ «ያቃጠለሽ ቤት ገብተሽ ልትሞቂ ነው?» ብላት ነበር። ከደብዳቤ መለያው ክፍል በስተጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጧት፤ አንድ መስኮት፥ በእግር የሚረገጥ አንድ የስፌት መኪና፥ ሰም የጠጣ ድርብ ክር፥ ከቀንድ እጀታ ጋር አንድ ወስፌ። ሰዎቹም ወስፌ ብለው ጠሯት፤ ስለ ሥራዋም ስለ አፏም። ፊደልን ያስተማራት ሰው የለም፤ በከረጢቶቹ ላይ በቀለም ከታተሙት ቃላት፥ «ደብዳቤ»፥ «አደራ»፥ «አስቸኳይ» ከሚሉት፥ አንድ በአንድ እየለቀመች ራሷን አስተማረች። አንድ ቀን ጸሐፊው ለምሳ ሲወጣ መዝገቡን ገለጠችና ያንን መስመር በራሷ አፍ አነበበችው። በሕይወቷ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በራሷ ላይ የተጻፈ ውሸት ነበር።

ለጸሐፊው ምንም አላለችውም። ሰባት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር እየሠሩ ጠዋት ጠዋት ሰላም ትለዋለች፤ እርሱም መነጽሩን እየወለወለ ሰላም ይላታል። ከዚያ ጡረታ ወጣና ከዳገቱ በላይ ሴት ልጁ ቤት ገባ። ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው፥ እርሷም ሆዷ ውስጥ ያለውን ነገር ይዛ ከረጢት ትሰፋ ነበር።

ጦርነት በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት፥ የዝናቡ ወራት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፥ ሰኞ ጠዋት፥ የሦስተኛው ዘመቻ የስም ዝርዝር በፖስታ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ከአራቱ ብስክሌተኞች ሦስቱ ቀድመው ዘምተው ነበር፤ አሁን አራተኛውና እግረኛው ተጨመሩ። ብስክሌቶቹ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ቀሩ፤ ጎማቸው ተንፍሶ፥ በኮርቻቸው ላይ አቧራ ተኝቶባቸው። በዚያው ወር ከጦር ግንባር የሚመጣው ቴሌግራም በዛ፤ ምን ይዞ እንደሚመጣም የማያውቅ አልነበረም። ከዘመቱት የሚበዙት የላይኛው ሰፈር ልጆች ነበሩና፥ የወረቀቱ ክምር በዚያችው በአሮጌዋ መሳቢያ ውስጥ ወደ ላይ አደገ። እናቶችና ሚስቶች ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወርደው በመስኮቱ ፊት ተሰልፈው ይቆማሉ፤ «ለእኔ አለ?» ይላሉ፤ «የለም» ሲባሉ ፊታቸው ይበራል፤ በማግስቱም ተመልሰው ይመጣሉ፤ መውረድ ያልቻሉት ሰዎች ወረቀት ግን እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይተኛ ነበር።

ወስፌ ይህን ከክፍሏ በር ሆና ሁለት ሳምንት አየች። በሦስተኛው ሳምንት መቀሷን አስቀምጣ ወደ ሹሙ ገባች።

«ክቡር ሹም፥ ያቺን አራተኛዋን ብስክሌት ይስጡኝ።»

የፖስታ ቤቱ ሹም የኪስ ሰዓታቸውን እንደ ልጅ የሚንከባከቡ፥ ደንብ ወዳድ፥ ክፋት የሌለባቸው ሰው ነበሩ። «ምን ልታደርጊያት? ልትሰፊያት ነው?» አሉ።

«ልነዳት ነው። የላይኛውን ሰፈር ቴሌግራም ላደርስባት።»

ዳገቱን ብስክሌት እንደማይወጣው በደንቡ እንደ ተጻፈ ነገሯት። ደንቡን የጻፈው ማን እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሹም ናቸው አሏት። «እርሳቸውስ ብስክሌት ይነዱ ነበር?» አለች። የቀድሞው ሹም በቅሎ እንኳ ወንበር ላይ ሳይቆሙ የማይወጡ ሰው እንደ ነበሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሹሙ በመጨረሻ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩ፤ የሚወስኑ ሲሆኑ እንዲህ ያደርጋሉ። «ስድስት ሳምንት ሰጠሁሽ» አሉ። «በስድስተኛው ቅዳሜ ከዚህ በር ተነሥተሽ ከውሃው ግንብ ደርሰሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትመለሺያለሽ። ዳገቱን ስትወጪ እግርሽ መሬት ከነካ ወደ ከረጢትሽ ትገቢያለሽ፤ ዳግመኛም ይህን ነገር አታነሺብኝም።»

ወሬው ከእርሷ ቀድሞ በሱቁ መደዳ ዞረ። የአርባ አራት ዓመት ሴት ብስክሌት ልትነዳ ነው ተባለ። ጫማ ሰፊው «ወስፌ ጎማ ላይ ከወጣች እንግዲህ ነፋሱን ደኅና ሰንብት በሉት» አለ፤ ቀልዱም እስከ ባቡር ጣቢያው ደረሰ።

ፈረሰኛው ግን አልሳቀም። ፈረሰኛው የሚባለው ያ ወጣት በከተማይቱ የመጀመሪያውን ብስክሌት የነዳ ሰው ነው፤ ከዘመቻው ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ጥሎ በምርኩዝ ተመለሰና በመስኮቱ ላይ ደብዳቤ በማኅተም የሚመታ ሆነ። ማለዳ ከሥራ በፊት፥ ከፖስታ ቤቱ ጓሮ፥ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አስተማራት።

በመጀመሪያ ሁለቱንም ፔዳሎች ፈታቸው። ወስፌ «የምረግጠውን ነቅለህ በምን ልሂድ?» አለች። በእግሯ መሬቱን እየገፋች ብቻ እንድትንሸራተት ነገራት፤ ሚዛኑ ከገባ መርገጡ የትም አይሄድም አላት። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ዳክዬ ጓሮውን ዞረች። ስለ ኮርቻው ከፍታ ተጣሉ፤ እርሷ ሁለቱም እግሮቿ መሬት እስኪረግጡ ዝቅ ይበልልኝ አለች፤ እርሱም እሺ ብሎ ዝቅ አደረገላት፤ በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ አብጦ እያነከሰች መጣች። ያን ጊዜ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ እግሯ ተዘርግቶ ተረከዟ የሚነካው ከፍታ ትክክለኛው መሆኑን አሳያት። «ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርኸኝም?» ብትለው፥ «ነግሬዎት ነበር፤ ጉልበትዎ እስኪነግርዎት ጠበቅሁ» አላት።

የጎማውን ነፋስ ልክ ስትጠይቀውም «በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ እንደ ጉንጭዎ ከሆነ ይጨምሩ፤ እንደ ግንባርዎ ከጠነከረ በቃው» አላት።

ቀሚሱ ሌላ ጣጣ ሆነ። ብስክሌቷ የወንድ ናት፤ ከኮርቻው እስከ መሪው የሚሄድ ብረት አላት፤ ቀሚስ ለብሶ እግርን በዚያ ላይ ማሻገር አልሆነም፤ ጫፉም ሁለት ጊዜ ከሰንሰለቱ ገብቶ ተበላ። ወስፌ ካረጀ የደብዳቤ ከረጢት ሰፊ ሱሪ ሰፋች፤ ሲቆሙ ቀሚስ የሚመስል፥ ሲቀመጡ የሚከፈል። ሸራው የማይቀደድ ሆነ፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀምና ከበስተኋላዋ «አስቸኳይ» የሚል ጽሕፈት ቀረ። እህቷ ይህን ስታይ ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ «ለአንዴ እንኳ እውነት የተጻፈበት ሰው አየሁ» አለች።

ወደቀች፤ አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። ፔዳሎቹ በተመለሱ ቀን ሁልጊዜ ወደ ግራ ትወድቅ ጀመር፤ ፈረሰኛው ምክንያቱን አጥቶ ሁለት ቀን ተመለከታትና በመጨረሻ ገባው፤ ዓይኗ ከፊት ጎማው ላይ ነበር። አሥር ዓመት መርፌው የሚወርድበትን ነጥብ ስታይ የኖረች ሴት፥ ጎማውም የሚረግጠውን ነጥብ ትጠብቅ ነበር።

«እትዬ ወስፌ፥ ጎማውን አይዩት። የሚሄዱበትን ይዩ።»

«ካላየሁት ቢስትስ?»

«እርስዎ ሲያዩት ነው የሚስተው።»

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ዓይኗን አነሣች፤ ጓሮውንም አንድ ጊዜ ሳትወድቅ ዞረች። ጓሮው ሃያ እርምጃ በአሥራ አምስት ነው፤ መካከሉም ላይ የውሃ መሳቢያ አለ፤ ቀጥ ብሎ መሄድ የሚባል ነገር የለበትም። ስለዚህ ሌላው ብስክሌተኛ ሁሉ ቀጥታን ተምሮ መዞርን ከዚያ በኋላ ሲለምድ፥ እርሷ ከመጀመሪያው የተማረችው መዞርን ነው፤ በአራተኛው ሳምንት በሰፌድ ቦታ ላይ የምትዞር ሆነች። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ እህቷ ክርኗን በሞቀ ውሃ እያጠበችላት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለቻት። «እህት ዓለም፥ እንቁላል በእግሩ ከሄደ እኔ በጎማ ብሄድ ምን ይደንቃል?» አለች። ኩራት ከፊቷ ላይ ከታየ ስንት ዓመቱ ነበር።

ዳገቱ ግን ኩራት አያውቅም። ከመካከሉ ላይ ሸክም የያዘ ሰው ሁሉ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ወስፌ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከድንጋዩ አጠገብ ጭኗ ከድቷት ወረደች። ወንዶቹ እንዴት ያደርጉ እንደ ነበር ፈረሰኛውን ጠየቀችው። አንገቱን ደፍቶ፥ እርሱ ራሱ በሁለት እግሩ ሳለ፥ ከዚያ ድንጋይ አልፎ እንደማያውቅ ነገራት።

ቅዳሜው ስምንት ቀን ሲቀረው፥ ከመኪናዋ ፊት ተቀምጣ የትልቅ ከረጢት ቂጥ ትሰፋ ነበር። ክብደት የሚያርፍበት ስፌት ቀጥ ብሎ አይሰፋም፤ ቀጥ ያለ ስፌት ሲጫኑት ይተረተራል፤ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው ሸክም የሚችለው። መርፌው ወደ ግራ ሄደ፥ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ ወስፌም እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣችና መኪናው ዝም አለ። ወደ መስኮቱ ሄዳ ማኅተም የሚመታውን ፈረሰኛ «ዳገቱን ቀጥ ብዬ ለምን እወጣዋለሁ?» አለችው። ፈረሰኛው ማኅተሙን ሳያወርድ በአየር ላይ እንደ ያዘ ቀረ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት፥ ሹሙ ሰዓታቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ። የሱቁ መደዳ ሰው ሁሉ ወጣ፤ በመስኮቱ ፊት የሚሰለፉት የላይኛው ሰፈር ሴቶችም ከዳገቱ ዳር ተደርድረው ነበር። ማለዳ ወስፌ ለብስክሌቷ ሁሉን አድርጋላት ነበር፤ ጎማዋን በአውራ ጣቷ መዝናለች፥ ሰንሰለቷን ጠርጋ ዘይት ሰጥታለች። ፍሬኑም ሲያዝ ይጮህ ነበር፤ የሚጮህ መኪና የተራበ መኪና ነው ብላ ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናዋን ዘይት የምታጠጣ ሰው ናትና፥ በሰው ፊት እንዳያዋርዳት ለፍሬኑም አንዳንድ ጠብታ ከግራና ከቀኝ ጨመረችለት። ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ፤ ደስ አላት።

ተነሣች። ከዳገቱ ሥር ስትደርስ እንደ ወንዶቹ አንገቷን ደፍታ አልገባችበትም፤ መሪውን ወደ ግራ አዙራ የመንገዱን ዳር ያዘች፥ ከዚያ ወደ ቀኝ፥ ከዚያ ወደ ግራ። መንገዱን እየሰፋች ወጣች። ከታች ያለው ሰው መጀመሪያ የሳተች መስሎት ሳቀ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዙር ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ከድንጋዩ አጠገብ ስትደርስ ግን ድንጋይ የጫነ የበቅሎ ጋሪ ከላይ መጣ፤ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ጋሪ ነጂው ማቆም አልቻለም። ወስፌ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ዙሪያ ባለችው ደልዳላ ቦታ ገባችና ትዞር ጀመር፤ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ጊዜ፤ በጓሮው የውሃ መሳቢያ ዙሪያ እንደምትዞረው፤ ጋሪው እስኪያልፍ። ከዚያ ወጥታ ስፌቷን ቀጠለች። በውሃው ግንብ ላይ ያለው ዘበኛ መድረሷን ለማስመስከር ወረቀቷ ላይ ሲፈርም፥ ብስክሌት ከነሰው እዚያ ሲያይ የመጀመሪያው ስለ ነበር «በየት መጣሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ያዘች፤ ፍሬኑ ግን እርሷን አልያዛትም። ሁለቱ የላስቲክ ቁራጮች ዘይት በጠጣው ቸርኬ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተቱ። ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ጮኸ፤ ሱሪዋ እንደ ሸራ ተነፋ፤ ከዳገቱ ሥር ያለው የአናጢው ቤት ወደ እርሷ መጣ። ጎማውን አላየችም፤ የምትሄድበትን አየች፤ አየችና ከአናጢው በር ላይ የተቆለለውን የሰጋቱራ ክምር መርጣ ገባችበት። አናጢው መላጊያውን እንደ ያዘ ወጣ፤ ከክምሩ ውስጥ «አስቸኳይ» የሚለውን ጽሕፈት ብቻ ነበር የሚያየው። ጎትቶ አወጣትና «እትዬ፥ በሩ በዚህ በኩል ነበር» አላት። መሪውን አቅንታ ወጣችና ነዳች።

ፖስታ ቤቱ በር ስትደርስ ሰዓቱ ሊሞላ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ከራሷ እስከ እግሯ ሰጋቱራ ለብሳለች። ፈረሰኛው ጣቱን በቸርኬው ላይ አድርጎ አሸተተው።

«ፍሬኑን ዘይት አጠጡት?»

«ይጮህ ነበር።»

«እትዬ፥ ፍሬን ሲጮህ ሥራው ላይ ነው።»

ሰዎቹ ሹሙን አዩ። እርሳቸውም ሰዓታቸውን ከደኑና፥ ቃላቸው ስለ ዳገቱ እንጂ ስለ ሰጋቱራ እንዳልነበረ ተናግረው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጧት። ሴቶቹ እልል አላሉም፤ ዘመኑ የእልልታ አልነበረም፤ አንዲቱ ብቻ ቀርባ ሰጋቱራውን ከትከሻዋ ላይ አራገፈችላት።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የላይኛው ሰፈር ቴሌግራም በገባበት ቀን ወጣ። ደስታ ነው ማለት አይቻልም፤ ከአሥሩ ሰባቱ የሞት ነበር። ወስፌ በየደጁ ወረቀቱን ትሰጥና ሰዎቹ አንብበው እስኪቀመጡ ትቆማለች፤ ማንበብ ለማይችሉ ታነባለች፤ ከዚያ ደንቡ የሚለውን አንድ ነገር ሳትለቅ ታደርጋለች፤ መቀበያውን ደብተር ዘርግታ «ሰዓቱን ይጻፉልኝ» ትላለች። መጻፍ የማይችል ካለ እጁን ይዛ ታጽፈዋለች እንጂ «አትችልም» ብላ አትጽፍበትም።

ወራት አለፉ። አንድ ረቡዕ ጠዋት፥ ያለ ወራቱ የመጣ ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ፥ ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ቴሌግራም ገባ። ፈረሰኛው ስሙን አነበበና አቀበላት። የአሮጌው ጸሐፊ ስም ነበር። «ልጅዎ ቆስሎ በሐኪም ባቡር ያልፋል። ባቡሩ ዛሬ አራት ሰዓት ከጣቢያችሁ ውሃ ይሞላል፤ ሃያ ደቂቃ ይቆማል» ይላል።

በድሮው ደንብ ቢሆን ይህ ወረቀት እስከ ዓርብ ይተኛ ነበር። መሳቢያዋም ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ናት። ወስፌ ወደ እርሷ ተመለከተች፤ አልተመለከተችም ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። ለዚህች ቀን አሥራ አንድ ዓመት ቃል ስታዘጋጅ ነበር፤ አሁን ግን ቃል ሳይሆን ዝምታ ብቻ ይበቃ ነበር።

«እትዬ» አለ ፈረሰኛው ዓይኑን ከማኅተሙ ላይ ሳያነሣ፤ «ዛሬ ጭቃ ነው።»

«አየሁት» አለችና ወጣች።

በጭቃ ላይ ስፌቱ ይጠባል፤ ጎማው ይንሸራተታል፤ ሁለት ጊዜ በጉልበቷ ወደቀች። የጸሐፊውን በር ስታንኳኳ ከሦስት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር። እርሱ ራሱ ከፈተላት፤ ሸሚዙ እንደ ጥንቱ ነጭ ነው፤ መነጽሩ ግን አንዱ መስተዋት ተሰብሯል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረ፥ አራቀ፥ አቀረበ፤ አልሆነለትም። መልሶ ዘረጋላት።

«አንብቢልኝ።»

ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች አነበበችለት። በሩን ያዘ፤ «በሕይወት አለ» አለ፤ ደግሞም «በእግሬ አልደርስም» አለ። እርሷ ደብተሩን ዘረጋችለት፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቴሌግራም ከምታስርበት ከኋላው መጫኛ ላይ ከረጢቱን ፈታችና «ይቀመጡ» አለችው።

«እኔ? በዚህ ላይ?»

«ባቡሩ አይጠብቅም። ወገቤን ይያዙ፤ ወደ ጎማው አይዩ።»

ወረዱ። ፍሬኑ ከዳገቱ ራስ እስከ ሜዳው ድረስ ጮኸ፤ ሥራውን እየሠራ። ከሱቁ መደዳ ሲያልፉ ጫማ ሰፊው ወንበሩን ከመንገዱ ዳር ሳብ አድርጎ አሳለፋቸው። ጣቢያው ሲደርሱ ባቡሩ ቆሞ ነበር፤ ልጁም ግንባሩና አንድ ዓይኑ በፋሻ ታስሮ፥ በአራተኛው ፉርጎ መስኮት ላይ ነበር። አባትና ልጅ አሥራ አራት ደቂቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። ምን እንደ ተባባሉ ወስፌ አልሰማችም፤ ብስክሌቷን ደግፋ ጭቃውን ከሰንሰለቱ ላይ በእንጨት ትፍቅ ነበር።

ባቡሩ ከሄደ በኋላ አሮጌው ጸሐፊ መጥቶ ከፊቷ ቆመ። በሥራ ቤት ሳሉ መቼ ትናገረኛለች እያለ ሰባት ዓመት እንደ ፈራት ነገራት፤ ሰላም ስትለው ይብስበት ነበር። ከዚያ «ምን ላድርግልሽ?» አለ።

«ሰዓቱን ይጻፉልኝ።»

«ጽፌልሻለሁ እኮ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት።»

«የዛሬውን አይደለም» አለች።

አብረው ወደ ፖስታ ቤቱ ገቡ። ሹሙ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመቱን መዝገብ ከመደርደሪያው አስወረዱ፤ ነገሩን ሰምተውም ፊታቸው ከበደ፤ ግን ደንብ ደንብ ነውና «የተዘጋ መዝገብ አይሰረዝም» አሉ።

«አልሰርዝም፥ ክቡር ሹም። እሰፋለሁ፤ ሥራዬ ነው።»

ሹሙ ሰዓታቸውን አወጡ፥ አዩ፥ መልሰው ከተቱ።

ጸሐፊው በቁራጭ ወረቀት ላይ «ይህ ቴሌግራም ለባለቤቶቹ የደረሰው ዓርብ ረፋድ ነው፤ ማክሰኞ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ከሥሩ፥ በተቀባይ ቦታ፥ እርሷ ሙሉ ስሟን በራሷ እጅ ጻፈች፤ ትልልቅ ፊደላት ናቸው፤ በከረጢት ላይ እንደሚታተሙት።

ጦርነቱ አለቀ። በአደባባዩ ላይ የጦር አለቆቹ ስም በድንጋይ ተቀረጸ፤ ስለ ፖስታ ቤቱ የተጻፈውም ታሪክ በዚያ ዘመን መልእክት በየዕለቱ ለከተማው ሁሉ መድረስ መጀመሩን ለሹሙ ትጋት ሰጥቶ ያልፋል፤ ስለ አራተኛዋ ብስክሌት ያለው «ሁለት ጊዜ ተጠገነች» የሚል ብቻ ነው። የተመለሱት ወንዶች ብስክሌቶቻቸውን ተረከቡ፤ ዳገቱንም እየተጠማዘዙ መውጣትን ለመዱ፤ ከማን እንደ ተማሩት የሚጠይቃቸው አልነበረም። ታሪክ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፤ በመንገዱ ዳርና ዳር የተመላለሰውን ሰው አያይም።

ያቺ ቁራጭ ወረቀት ግን ከዚያ መዝገብ አልወጣችም። ወስፌ ያን ረቡዕ ከቀትር በፊት መዝገቡን ወደ ክፍሏ ወስዳ ከመስኮቱ ሥር ዘረጋችው፤ ገጹን በወስፌዋ በሳች፤ ሰም በጠጣው ድርብ ክር፥ ሸክም በሚችለው ጠምዛዛ ስፌት፥ የዓርቡን ወረቀት በማክሰኞው መስመር ላይ አራቱንም ጎን ሰፋችው። የሚነቅለው ቢመጣ ገጹን አብሮ ይቀድዳል እንጂ ብቻውን አያገኘውም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መዝገቡን በራሷ እጅ ዘጋችው።